ሥራ የፈታው ማጉያ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለሕብረት፤

የጌታ ጸጋና ሰላም በሥራሽም በቤትሽም ይክበብሽ። እኛ በምሕረቱ ደህና ነን። ክረምቱ ጣራችንን አንድ በአንድ ሲፈትሽ ከርሞ ሄደ፤ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ያለው መንገድም እስኪደርቅ ጫማችን አልጸዳም። ቆንጅት ደህና ነች፤ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ይህ ሰውዬ ቴሌግራም እያለ ለምን በወረቀት ይጽፋል እንደምትይ አውቃለሁ። የእኔ ስልክ ያቺው የምታውቂያት ባለ ቁልፍ ነች፤ ሥዕል አትልክም። ሥዕል የሚልከው ስልክ ያለው ቆንጅት እጅ ነው። እሷ ደግሞ ዘንድሮ ከጽሑፍ ጋር ተወዳጅታለች፤ ወደ ቤቱ የገባውን መልእክት ሁሉ ከእኔ በፊት ታነበዋለች። የማዋይሽ ነገር የሌላ ሰው ምሥጢር ስላለበት በፖስታ ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት አለች፤ ስሟን አልጠራም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ጆሮዋ እየከዳት ነው። የመስሚያ መሣሪያ እንዲለካላት ክሊኒክ ተመዝግባለች፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ የደረሳት ጥር ላይ ነው። እኔም እስከዚያ ሰው እንዳይርቃት ብዬ አንድ ሳጥን ሠራሁላት። ከሳሙና ማስቀመጫ የማትበልጥ ሳጥን ነች፤ ማይክ፣ ባትሪ፣ 358 የሚል ቁጥር የተጻፈባት አንዲት ድምፅ የምታጎላ አይሲ፣ ከዚያ ወደ ጆሮ ማዳመጫ። ሥዕሉን ከጀርባ ታገኚዋለሽ።

ሠርቼ ስጨርስ የእሁድ ማይክ እንደምንሞክረው ሞከርኩት፤ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ "ሀሎ፣ ሀሎ፣ አንድ፣ ሁለት" አልኩበት። ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ተሰማኝ። እሷ ግን አድርጋው ስታበቃ፣ "ድምፅ ይመጣል፣ ሰው የሚለው ግን አይለይልኝም" አለች። ጨመርኩላት። አሁንም ያው። አሁን አንድ ሺህ ጊዜ እንዲያጎላ አድርጌዋለሁ፤ ድምፁ ቤት ያፈርሳል፣ ቃል ግን የለም።

ስለዚህ ከሠለጠነው አገር ጠንከር ያለች አይሲ ሁለት ሦስት ፍሬ ላኪልኝ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የገዛኋት ሰነፍ ሳትሆን አትቀርም። እህታችን ብትሰማ ደስታው የእሷ ብቻ አይሆንም።

በጸሎት የሚያስብሽ አጎትሽ
ዕዝራ


ድሬስደን፣ ጀርመን
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዕዝራ፤

እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ለእትዬ ቆንጅትም እንዲሁ። የወረቀት ደብዳቤ ከደረሰኝ ስንት ዘመኑ! የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ቴምብሩን ሊወስዱብኝ ተሻሙ። መልሴ የዘገየው በአንድ የመለኪያ መሣሪያ ሙከራ ተይዤ ነው፤ ካልጨረስነው አለቃዬ በሰላም አያሳድረኝም፤ ይህንንም የምጽፈው ምሳዬን እየበላሁ ነው።

358ን ሰነፍ ማለትዎ አስቆኛል። የመበየጃ ስታኞ ማቅለጥ በረንዳችሁ ላይ ሲያስተምሩኝ መጀመሪያ ያቃጠልኩት እሷን ነበር፤ የዚያን ቀን እትዬ ጭሱ ልብሷ ላይ ገባ ብላ ሁለታችንንም ከበረንዳው አባረረችን። ሰነፍ አይደለችም። እዚህም በየቦታው ትሠራለች። ሥዕሉን ገና በደንብ አላየሁትም፤ እርስዎ የሠሩት ስለሆነ ግንኙነቱ ላይ ስህተት አይኖርም።

ነገር ግን ሴትየዋ ድምፅ እየሰማች ቃል የማትለይ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የማጉያው ሳይሆን የጆሮ ነርቭ ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ ምንም ዓይነት አይሲ ብልክ አይረዳትም፤ የክሊኒኩ መሣሪያም ብዙ የሚያደርግላት አይመስለኝም። ቢነግሯትና ራሷን ብታዘጋጅ ይሻላል።

እትዬ ቆንጅት ምን ሆና ነው? በደወልኩ ቁጥር አታነሳም፤ ወዲያው ደግሞ "ሥራ ይዣለሁ፣ ጻፊልኝ" የሚል መልእክት ትልካለች። ተቀይማኝ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ሳልዋሽዎ፣ ቁጣዋም ቢሆን ናፍቆኛል።

አክባሪዎ
ሕብረት


ፒያሳ
ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሕብረት፤

ለዘገየሁበት ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ የአምላክ ቸርነት ከአንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰን ቆይቷል። "ደረሰን" ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ፖስታውን ከፖስታ ቤቱ ሣጥን ያመጣችው ቆንጅት ነች። የአንቺ ደብዳቤ መቼም የሁለታችን ነው፤ መንገድ ላይ ከፍታ እያነበበች መጣች።

አሁን የምደብቀው የለኝም፤ አንቺም ሳይገባሽ አልቀረም። እህታችን ያልኩሽ ቆንጅት ነች።

ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ "መሐንዲሷም ያው ነው ያለችው፤ በቃ ዕዝራ፣ አትድከም" አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። የክሊኒኩ ቀጠሮ በደረሰ ጊዜ አልሄድም አለች፤ "ሺህ ጊዜ ተጎልቶ ያልገባኝን እነሱ በምን ያስገቡልኛል?" ብላ። ሌላ ቀጠሮ ይይዙልሻል ብዬ ብለምናትም አሻፈረኝ አለች። ስንት ዓመት የመራቻቸውን የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራንም ለሐዊ አስረክባለች። ሐዊን አታውቂያትም፤ በአልቶ፣ በወፍራሙ የሴቶች ድምፅ ክፍል ያለች ጥሩ ልጅ ነች፤ ቆንጅት ቤት ድረስ ጠርታ የትንሣኤውን መዝሙር ሁሉ ስታስረክባት እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ።

አንቺን አልወቅስም፤ እንዳታስቢው። ያልሽው እኔም ስፈራው የነበረውን ነው። ሳጥኑን ስሠራ በመቶ ጊዜ ጀመርኩ። ቃሉ አይለይልኝም ስትል ወደ አምስት መቶ፣ ከዚያ ወደ ሺህ ወሰድኩት። አንቺ ከጻፍሽልኝ በኋላ ደግሞ አልዋጥልህ ብሎኝ የማጉላቱን ልክ የሚወስነውን ሬዚስተር ቀይሬ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አደረስኩት። የሚገርመው፣ በመቶው ጊዜ ድምፁ ትንሽ ቢሆንም አንዳንድ ቃል ትይዝ ነበር፤ አሁን ግን የእኔን ድምፅ ከናታን ድምፅ እንኳ አትለይም። ናታንን ታውቂዋለሽ፣ የጎረቤታችን የወርቅ ሠሪው ልጅ፤ እንደ ሴት ቀጭን ድምፅ ነው ያለው። ጆሮዋ በጥቂት ወር ውስጥ ይህን ያህል ወረደ ማለት ነው።

ቤታችን ዝም ብሏል፣ ሕብረት። እኔና እሷ ተጋብተን የኖርነው እየተነታረክን ነው፤ ሌላ ጨዋታ አናውቅም። ማኪያቶ ልንጠጣ ስንወጣ እንኳ ስለ ስኳሩ ሳንከራከር አንመለስም ነበር። አሁን የምትናገረው እሷ ብቻ ነች፣ እሱም ስትፈልግ። እኔ ብመልስ ዓይኔን እያየች ፈገግ ትላለች። ያ ፈገግታ ይገድለኛል።

አይሲ አልፈልግም። የምለምንሽ ሌላ ነው፤ ለእሷ በስሟ አንድ ደግ ነገር ጻፊላት። ስለ ጆሮ አታንሺ።

አጎትሽ
ዕዝራ


ድሬስደን
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዕዝራ፣ እንዲሁም በግልጽ ለእትዬ ቆንጅት፤

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ፣ አሁንም በእጁ ይያዛችሁ፣ እና ጋሼ፣ እባክዎ ሳጥኑ ላይ ምንም አይጨምሩ! ይህን ደብዳቤ እንድሪያስ የሚባል ልጅ ነገ ይዞት ይበራል፤ ድሬስደን የሚማር ልጅ ነው፣ የእናቱ ቤት ከእናንተ ሩቅ አይደለም።

ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አፍሬአለሁ። ሥዕሉን እንኳ ሳላይ፣ ሳላስብ፣ ምሳዬን እየበላሁ የሰው ጆሮ ላይ ፈረድኩ። ደግሞም በእትዬ ጆሮ! እትዬ፣ ይቅር በይኝ።

"በመቶው ጊዜ አንዳንድ ቃል ትይዝ ነበር" የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጆሮ በጥቂት ወር ውስጥ እንደዚያ አይወርድም። ሥዕሉን አወጣሁ፣ ከመጋዘን አንዲት 358 አመጣሁ፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት በሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሠራሁት፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ጆሮዬን እንዳይጎዳ የድምፅ መቀነሻ ጨመርኩ። ከዚያ እትዬ በልደቴ ቀን የላከችልኝን የድምፅ መልእክት አጫወትኩበት። ትዘምርልኛለች፣ ቀጥሎ ደግሞ ለምን ከሳሽ ብላ ትቆጣኛለች። መልእክቱን በቃሌ ነው የማውቀው። በሳጥናችሁ ስሰማው ግን ቁጣዋ ይሰማል፣ የተቆጣችበት ምክንያት አይሰማም!

ይህ የእኔ ጤነኛ ጆሮ ነው። እዚህ አብራኝ የምትሠራዋንም አሰማኋት፤ አማርኛ ባታውቅም "አፏ ላይ ትራስ ያደረጉባት ሴት" አለችኝ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ይህቺ አይሲ የማትዘልለው ድንበር አላት። አቅሟ በግምት አንድ ሚሊዮን ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ንዝረት ነው፤ ይህን አቅም በሁለት ነገር ታካፍለዋለች፤ ምን ያህል ታጎላለች፣ እና እስከ ምን ያህል ቀጭን ድምፅ ድረስ ታጎላለች። አንድ ድብልብል ሊጥ እንደመዳመጥ ነው፤ ባስረዘሙት ቁጥር ወርዱ ይጠባል። መቶ ጊዜ ስታጎላ እስከ አሥር ሺህ ኸርዝ ድረስ ታደርሳለች፤ ይህ ለሰው ንግግር ይበቃል። ሺህ ጊዜ ስትባል ግን ሙሉ ጉልበቷ የሚደርሰው እስከ አንድ ሺህ ብቻ ነው። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ስትባል አምስት መቶ እንኳ አትሞላም፤ ከዚያ በላይ ያለውን እየመነመነች ትተወዋለች።

የሰው ድምፅ ጉልበቱ ያለው ከታች ነው፤ ቃልን ከቃል የሚለየው ግን ከላይ ነው። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት ሁሉ ቀጫጭን ናቸው። "ሀሎ፣ ሀሎ" ደግሞ በእርስዎ ወፍራም ጉሮሮ ሲባል ሁሉም ከታች ያለ ድምፅ ነው፤ ያውም የሰሙት ከጠረጴዛ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ማይክ መሥራቱን ለማወቅ በቂ ነው፤ ሳጥኑ ቃል ማሳለፉን ግን አይነግርዎትም። እና ጋሼ፣ ቃል ባልገባት ቁጥር ጨመሩላት፣ በጨመሩላት ቁጥር ቃሉ ጠፋ። ከፍቅር ብዛት ነው ያደነቆሯት ብል አይቀየሙኝ!

አሁን መድኃኒቱ። ከውጭ የሚመጣ ምንም ነገር አያስፈልግም። በዚያች ስምንት እግር ባላት ቁራጭ ውስጥ ያሉት ማጉያዎች ሁለት ናቸው። እርስዎ የተጠቀሙት በአንዱ ነው። ሌላው፣ ከአምስት እስከ ሰባት ባሉት እግሮች ያለው፣ ሳጥኑ ከተሠራ ጀምሮ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ሸክሙን ያካፍሏቸው፤ የመጀመሪያው ሠላሳ ጊዜ ያጉላ፣ ሁለተኛውም የተቀበለውን ሠላሳ ጊዜ ያጉላ። በመሃላቸው አንድ ካፓሲተር ያስገቡ፣ መጨረሻ ላይ መቀነሻ። ሠላሳ በሠላሳ ዘጠኝ መቶ ነው። ጉልበቱ ያው ከሺህ አይርቅም፤ እያንዳንዳቸው ግን ሠላሳ ብቻ ስለሚሸከሙ ጆሮ የሚሰማውን ቀጭን ድምፅ ሁሉ ያሳልፉታል። ሥዕሉን አያይዣለሁ።

መጀመሪያ ግን አሮጌውን፣ መቀነሻውን አስገብተው ዝቅ አድርገው፣ እርስዎ ራስዎ ጆሮ ላይ አድርገው ሬዲዮ ይስሙበት። እትዬም አጠገብ ሆና ትይ።

እትዬ፣ ጆሮሽ ምንም አልሆነም አልልሽም፤ እሱን ክሊኒኩ ነው የሚያውቀው። ግን ያ ሳጥን በጆሮሽ ላይ ሊመሰክር አይችልም። እኔም እንደዚያው።

የምትወዳችሁ
ሕብረት


ፒያሳ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሕብረት፤

እጅሽን ጌታ ይባርከው፤ የእንድሪያስንም መንገድ እንዲሁ። ልጁ ደብዳቤውን ካመጣልን በኋላ ሻይ እንኳ አልጠጣም፤ እናቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበርና።

እንዳልሽው አደረግሁ። አሮጌውን ሳጥን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሬዲዮ ዜና ሰማሁበት። ዜና አንባቢው አፉ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚያወራ ነው የሚመስለው፤ ስለ ስንዴ ይሁን ስለ ኳስ ይናገር አላወቅሁም። አውልቄ ተቀመጥኩና ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ስንት ወር ሙሉ ቆንጅት ስትሰማው የነበረው ይህንን ነው! እኔ ደግሞ እሷ ላይ ጨምሬ ጨምሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ራሴ ጆሮ ላይ አላደረግሁትም። ጩኸቱን ፈርቼ ነው። ሆኖም የልቤን ልንገርሽና፣ ያን ቀን እንደተሰማኝ እፎይታ በዕድሜዬ ተሰምቶኝ አያውቅም። ስህተቱ የእኔ መሆኑ እንዲህ ደስ የሚለኝ ጊዜ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁለተኛውን ማጉያ ሥራ አስያዝኩት። እጄ እንደ ድሮው ስለማይጸና አንዱን ካፓሲተር ሁለት ጊዜ ነቅዬ ተከልኩት። ሲያልቅ ወደ በረንዳ ይዤው ወጣሁ። ከታች ያለው የታክሲ ረዳት "አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ አንድ ሰው፣ የሞላ!" ሲል እያንዳንዷ ፊደል ጥርት ብላ ገባችልኝ። ቁልፍ ሲንኳኳ፣ ጋዜጣ ሲገለጥ፣ የእኔው ጫማ አሸዋ ላይ ሲንሻሸት፤ ይሄን ሁሉ ያ አሮጌው አያሳልፈውም ነበር።

እሷ ግን አልነካውም አለች።

ደብዳቤሽን አንብባለች። ስለ ቁጣዋ የጻፍሽው ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ እኔም ያቺን ሳቅ ሰምቼ አለቀ፣ አሁን ታደርገዋለች ብዬ ሳጥኑን አቀረብኩላት። መለሰችልኝ። "ያኔም ሳጥኑን ይዘህ እንደዚህ ደስ ብሎህ ነበር የመጣኸው" አለችኝ። "እንደገና ተስፋ አድርጌ እንደገና ብወድቅ አልነሳም ዕዝራ። ተወኝ።" የምመልሰውንም አትሰማም።

ሳጥኑን መስኮቱ ሥር ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ። ባትሪውን በየጊዜው እፈትሻለሁ። አላነሳውም፣ አላስታውሳትም። ማዳመጫውን ደጋግሜ ብገፋላት ለእኔ ስትል ታደርገው ነበር፤ ለእኔ ብላ እንድትሰማ ግን አልፈልግም።

ዛሬ ምንም አልጠይቅሽም። ብቻ አስቢን።

አጎትሽ
ዕዝራ


ፒያሳ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሕብረትዬ፤

ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። ዕዝራ በወረቀት ሲጽፍልሽ ከረመ፣ እኔ ምን ያንሰኛል ብዬ ነው። እሱ እንዳያነበውም ፖስታውን ራሴ ነው የማሽገው፤ በተራው ይቅናብኝ።

መጀመሪያ የምትጠብቂውን ልንገርሽ። ትናንት የቀረ ሰው ተራ ተገኝቶልኝ ክሊኒክ ተለክቻለሁ። ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ ላይ ደክሟል፤ ይህን አልደበቁኝም። ቃል መለየት ግን ይችላል። ክፍል ውስጥ አስቀምጠው በማዳመጫ ቃላት እያሰሙ "ድገሚ" ይላሉ፤ ድምፁን በልኩ ሲያደርጉልኝ አብዛኛውን ደገምኩ። የምትለካኝ ልጅ ወይኒ ትባላለች፤ "እስከ ዛሬ ለምን ቀሩ?" ብላ ተቆጣችኝ። መቆጣት እኔ ብቻ የምችለው ይመስለኝ ነበር። ትክክለኛው መሣሪያ ሲመጣ ይጠሩኛል። የዕዝራን ሳጥን አሳየኋት፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ እንዳልቆይበት አስጠንቅቃኝ፣ እስከዚያ በልኩ እንድጠቀምበት ፈቀደችልኝ። ሐዊም መዘምራኑን ልትመልስልኝ መጥታ ነበር፤ ለትንሣኤ እሷው ትምራ አልኳት። እኔ ከኋላ ሆኜ አልቶዎቹን እሰማለሁ። እሰማለሁ ነው ያልኩሽ!

እንዴት ሄድሽ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ፤ ዕዝራ ዳግመኛ እንዳልለመነኝ ታውቂያለሽ። ባይለምነኝ ነው የሄድኩት። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ፣ አጠገቡ እያለፈ ዓይኑን ሲሰብር ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ጀመር። ግን እሱ እያየኝ ማድረጉን ፈራሁ። ሰው ፊትሽን እያየ "ተሰማሽ?" ሲልሽ ምን እንደሚመስል አታውቂውም። ተሰማኝ ብዬ እንዳልዋሽለት ነው የፈራሁት። በዚያኛው ሳጥን ጊዜ ስንቴ ዋሽቼለታለሁ መሰለሽ።

እና ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሱ ሳሎን፣ በሩ ገርበብ ብሏል። እኔ መኝታ ቤት ሳጥኑን ወስጄ ማዳመጫውን አደረግሁ፣ መቀነሻውን ቀስ እያልኩ ከፈትኩ። መጀመሪያ አንሶላው ተሰማኝ። አንሶላ ድምፅ አለው ብለሽ ታምኛለሽ? ቀጥሎ የዕዝራ ድምፅ መጣ። እየጸለየ ነው። እሱ መቼም ዝም ብሎ መጸለይ አያውቅበትም፤ እኔ አልሰማም ብሎ ደግሞ ዘንድሮ ድምፁን ከፍ አድርጎታል፤ እግዚአብሔርም እንደ እኔ ጆሮው የደከመ ይመስል።

"ጌታ ሆይ" ይላል፣ "ለዚህች ሴት ትዕግሥት ስጣት። ለእኔም ግትርነቷን የምችልበት ትዕግሥት ስጠኝ። ጆሮዋን የማትመልስላት ከሆነ ፈቃድህ ይሁን። እኔ ግን ተቸግሬአለሁ። ቀኑን ሙሉ የማየውን ሁሉ ለእሷ ነበር የምነግራት፤ አሁን ለማን ልንገር? ለሰው ብነግር እንደ እሷ የሚሰድበኝ የለም። ጌታ ሆይ፣ ስድቧ ናፍቆኛል።"

አንድ ቃል አላመለጠኝም፣ ሕብረትዬ። አንድም! ግትርነቷን ያለውን ጭምር። አልጋው ላይ ተቀምጬ እንባዬ አገጬ ላይ ሲደርስ ነው ያወቅሁት። ሄጄ ልቀፈው ወይስ ልስደበው ብዬ ስወዛገብ እሱ እየቀጠለ ነው፤ ለአንቺ ጸለየ፣ ለእንድሪያስ ጸለየ፣ ለባትሪው እንኳ ጸለየ። እኔም ባለሁበት ሆኜ ጮክ ብዬ፣

"አሜን!" አልኩ።

ጸሎቱ ተቋረጠ። ከዚያ ወንበሩ ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ነጠላ ጫማው ሲመጣ ሰማሁ። በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ቆንጅት... ምኑን ሰማሽ?"

"ግትር ማን እንደሆነች።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል እሰማዋለሁ። ጸሎቱን መጨረስ አቃተው። እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ እኔ ጨረስኩለት።

የአንቺው
እትዬ ቆንጅት